የሠርግ ቀን ፎቶ ዕቅድ፦ ዝርዝሩ ላይ ምን ይግባ፣ ምን ይቅር?

የቀን_ዕቅድ
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ለሙሽሮችም፣ ለአስተባባሪዎችም፣ ካሜራ ለሚይዘውም የሚያገለግል አንድ የፎቶ ዕቅድ እዚህ ተረዳድተን ብናወጣ ብዬ ነው ክሩን የከፈትኩት።

ኢንተርኔት ላይ የሚዞሩት ዝርዝሮች 150 እና 200 መስመር አላቸው። «ሙሽሪት መስታወት ፊት»፣ «ሙሽሮች ሲተያዩ»፣ «ሙሽራው ሲስቅ» እያሉ ይወርዳሉ። ሥራውን የሚያውቅ ፎቶ አንሺ ይህን ማንም ሳይነግረው ያነሳዋል። ወረቀት ሲያነብ ደግሞ ዓይኑ ሥር ያለው ነገር ያመልጠዋል። ዝርዝሩ መያዝ ያለበት ፎቶ አንሺው አይቶ ሊያውቀው የማይችለውን ነው፦ ሙሽሪትን ያሳደገቻት አክስት የትኛዋ እንደሆነች፣ አንገቷ ላይ ያለው ሐብል የማን መታሰቢያ እንደሆነ፣ ተለያይተው የሚኖሩ ወላጆች ጎን ለጎን ይቁሙ አይቁሙ፣ ንግግሩ ከእራት በፊት ይሁን በኋላ።

ረቂቁ ይኸውና። ሰዓቱን የቆጠርኩት ከሥነ ሥርዓቱ ወደ ኋላ ነው።

3 ሰዓት ሲቀረው፦ ቬሎ፣ ጫማ፣ ቀለበት፣ የጥሪ ካርድ፣ አበባ (40 ደቂቃ)
2 ሰዓት ሲቀረው፦ የሙሽሪት አለባበስ (30 ደቂቃ)
1 ሰዓት ተኩል ሲቀረው፦ ሙሽሪት ለብቻዋ፣ ከዚያ ከሚዜዎቿ ጋር (30 ደቂቃ)
40 ደቂቃ ሲቀረው፦ ፎቶ አንሺው ቦታው ደርሶ ብርሃኑን ያያል
ሥነ ሥርዓቱ እንዳለቀ፦ የቤተሰብ ፎቶ 30 ደቂቃ፣ ሙሽሮች ብቻቸውን 30 ደቂቃ
እንግዳ ሳይገባ፦ አዳራሹ ባዶውን 10 ደቂቃ
ማታ፦ አገባብ፣ ንግግር፣ ኬክ፣ ጭፈራ

ከቦታ ወደ ቦታ በተሄደ ቁጥር ከመንገዱ ጊዜ ላይ 15 ደቂቃ ጨምሩ። ሰው መኪና ውስጥ እስኪገባና እስኪወጣ የሚባክነው እሱ ነው። የጎደለውን ሙሉ፣ የተሳሳተውን አርሙ።

መስኮት_ዳር
ዕቅዱ ጥሩ ነው። የጠዋቱ ክፍል ላይ ልጨምር፤ እዚያ የሚጠፋ ጊዜ ቀኑን ሙሉ ይከተላልና።

40 ደቂቃው ለዕቃዎቹ የሚበቃው ዕቃዎቹ በአንድ ሳጥን ከተሰበሰቡ ብቻ ነው። ቀለበቱ ሚዜው ኪስ ውስጥ፣ ጫማው መኪና ላይ፣ የጥሪ ካርዱ ደግሞ ሌላ ቤት ከሆነ 20 ደቂቃ በፍለጋ ያልቃል። ስለዚህ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ አንድ ሳጥን ይዘጋጅ፦ 3ቱም ቀለበቶች (የቃል ኪዳኑን ጨምሮ)፣ ጌጣጌጥ፣ ሽቶ፣ ጫማ፣ የጥሪ ካርድ ከነፖስታው። ካርዱ 2 ቅጂ ቢሆን ይሻላል፤ ፊቱና ጀርባው በአንድ ፎቶ ይወጣል። ከአበባው ዘለላ አንድ ሁለት ፍሬ ለብቻ ይቀመጥ። ለቬሎው የእንጨት መስቀያ ይገዛ። ፕላስቲኩ ፎቶው ላይ ጎልቶ ይታያል፣ ከባድ ቬሎ ሲሰቀልበትም ይጎብጣል።

ለቀለበቱ የማክሮ ሌንስ (ትንሽ ነገርን በጣም ተጠግቶ የሚያነሳ) ካለ ኤፍ 8 እስከ ኤፍ 11 ድረስ ይዘጋ (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል፣ ጥርት የሚለው ጥልቀት ይጨምራል)። በዚያ ቅርበት ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በኤፍ 2.8 የቀለበቱ አንድ ጠርዝ ብቻ ይያዛል። ከማንሳት በፊት በመነጽር ጨርቅ ይጠረግ፤ የጣት አሻራና ብናኝ በማክሮ እንደ ጉድፍ ይታያል።

ስለ ክፍሉ ደግሞ፦ ትልቅ መስኮት ያለው ክፍል ይመረጥ፣ መስኮቱ አጠገብ 2 ሜትር በ2 ሜትር የሚሆን ቦታ ይጽዳ። ሻንጣ፣ ኩባያ፣ የፕላስቲክ ከረጢት ሁሉ ወደ ሌላው ጥግ። ከዚያ የጣሪያው አምፖል ይጥፋ። የመስኮት ብርሃን ወደ 5500 ኬልቪን ነው (ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ወደ ቢጫ ያደላል)፣ ቢጫው አምፖል ከ2700 እስከ 3200። ሁለቱ ፊት ላይ ሲገናኙ ግማሹ ጉንጭ ሰማያዊ፣ ግማሹ ብርቱካናማ ይሆናል፤ በኋላ በኮምፒውተር አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላው ይበላሻል። ብዙ ሰው ዘመናዊ ካሜራ ይህን ይፈታዋል ብሎ ያስባል። አይፈታውም፤ ነጭ ሚዛን (ነጩ ነጭ እንዲሆን ቀለሙ የሚስተካከልበት ቅንብር) ለመላው ፎቶ የሚሰጠው አንድ እሴት ነው።

የሜክአፕ ባለሙያዋ የምትጨርስበት ሰዓት ከእውነተኛው 30 ደቂቃ ቀድሞ ይነገራት። ሙሽሪትም ከሚዜዎቿ ሁሉ መጨረሻ አትሁን፤ መሐል ላይ ትግባ። የሚዘገየው ሁልጊዜ የመጨረሻዋ ሰው ነው፣ ያ ሰው ሙሽሪት ስትሆን ደግሞ ሁሉም ይዘገያል።

ስም_ጠሪ
የቤተሰብ ፎቶው 30 ደቂቃ የሚበቃው ዝርዝሩ 10 ቡድን ከሆነ ነው። ለአንድ ቡድን 3 ደቂቃ ያዙ፦ 1 ደቂቃ ለመጥራት፣ 1 ለማቆም፣ 1 ለማንሳት። ከ15 ሰው በላይ የሆነ ቡድን 5 ደቂቃ ይፈልጋል። 25 ቡድን ጽፎ በግማሽ ሰዓት ይነሳል ማለት ሙሽሮቹን ከራሳቸው ፎቶ መቀማት ነው።

ዕቅድ የሚበላሽባቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ «የእናት ወገን»፣ «የአባት ወገን» ተብሎ በጅምላ ይጻፋል። ፎቶ አንሺው ማን እንደጎደለ በምን ያውቃል? ሰው በስሙ ይጻፍ። ከእያንዳንዱ ወገን ሁሉንም የሚያውቅ፣ ድምፁ የሚሰማ አንድ ሰው ይመደብና እሱ ይጥራ። ሚዜ ባይሆን ይመረጣል፣ ሚዜ ራሱ ፎቶው ውስጥ ይፈለጋል። የአጎት ልጅ ጥሩ ነው።

ሁለተኛ፣ ቅደም ተከተሉ። ከትልቁ ቡድን ጀምሩና እያሳነሳችሁ ውረዱ። መጀመሪያ ሁለቱም ቤተሰብ በሙሉ፣ ከዚያ አንዱ ወገን ይውጣና ሌላው ይቅር፣ ከዚያ አጎትና አክስት ይውጡ፣ ከዚያ ወንድምና እህት ይውጡ፣ ወላጆች ብቻ ይቅሩ። ሙሽሮቹ ከቆሙበት አይነቃነቁም፤ ሰው ብቻ ይቀነሳል። ከትንሹ ከተጀመረ ግን ትልቁ ቡድን ሲደርስ ግማሹ ሰው መጠጥ ይዞ ተበትኗል።

ሦስተኛ፣ አዛውንትና ሕፃናት። የሚገቡባቸው ፎቶዎች በሙሉ በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃ ውስጥ ይለቁ። አያት ለመጨረሻው ፎቶ ቆመው እንዲጠብቁ ማድረግ አይገባም፤ ፊታቸው ላይም ድካሙ ይታያል።

አራተኛ፣ ቤተሰብ ውስጥ ያለው ስስ ነገር። የተፋቱ ወላጆች፣ በቅርቡ የሞተ ሰው፣ የማይነጋገሩ ወንድማማቾች ካሉ ፎቶ አንሺው በዋዜማው ይነገረው። «እናትና አባት ሁለቱም ወደ ሙሽሪት ይጠጉ!» ብሎ በሰው ፊት ከጮኸ በኋላ ማስተካከያ የለውም። እናትን በአንድ ጎን፣ አባትን በሌላው ጎን፣ ሙሽሮቹን መሐል ማድረግ ሁሉንም ያስከብራል።

ለዓይን መጨፈን ደግሞ የታወቀ ስሌት አለ። የአውስትራሊያው የሳይንስ ተቋም የሲኤስአይአርኦ (CSIRO) ሁለት ሰዎች፣ ኒክ ስቬንሰንና ፒርስ ባርንስ፣ በ2006 የኢግ ኖቤል ሽልማት (መጀመሪያ ለሚያስቅ፣ ቀጥሎ ለሚያሳስብ ምርምር የሚሰጥ) ያገኙበት ነው፦ ከ20 ሰው በታች ለሆነ ቡድን በጥሩ ብርሃን የሰዉን ቁጥር ለ3፣ በደካማ ብርሃን ለ2 አካፍሉ፤ ያን ያህል ጊዜ አንሱ። 12 ሰው በጥሩ ብርሃን 4 ጊዜ፣ በደብዛዛ 6 ጊዜ ማለት ነው። 2 አንስቶ «ይበቃል» ማለት የሚያስከፍለው ዋጋ ከዚህ ይገባል።

አዲስ_ሌንስ
@ስም_ጠሪ በጣም ጠቃሚ ነው፣ እናመሰግናለን። አንድ ጥያቄ፦ ለቡድኑ በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 2.8 ቢነሳ ጀርባው ደብዘዝ ብሎ አያምርም? ሁለት ረድፍ ሰው ቢሆን ማለቴ ነው።

ስም_ጠሪ
@አዲስ_ሌንስ ቁጥሩን እንየው። ሙሉ ፍሬም ካሜራ (ሴንሰሩ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ያህል የሆነ)፣ 85 ሚሊ ሜትር፣ ርቀት 5 ሜትር። በኤፍ 2.8 ጥርት የሚለው ጥልቀት ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ግማሹ ፎከስ ካደረግክበት ፊት ለፊት፣ ግማሹ ከኋላው። ከፊተኛው ረድፍ ፊት እስከ ኋለኛው ረድፍ ፊት ያለው ርቀት ራሱ 60 ወይም 70 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ፊተኞቹ ላይ ፎከስ ካደረግክ ኋለኞቹ ይደበዝዛሉ፤ ካሜራው ትንሽዬ ስክሪን ላይ አይታይህም፣ ሲታተም ነው የሚታየው። በኤፍ 8 ያው ጥልቀት 1 ሜትር ከ70 ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ለአንድ ረድፍ ኤፍ 4 ወይም 5.6፣ ለሁለት 5.6 እስከ 8፣ ለሦስት 8። በሦስት ረድፍ ፎከሱ መሐለኛው ረድፍ ላይ ይሁን።

ጀርባው እንዲደበዝዝ ከፈለግክ ሰዎቹን ከግድግዳው አርቃቸው። 6 እና 7 ሜትር ወደ ፊት ሲመጡ በኤፍ 5.6ም ይደበዝዛል።

በ24 ሚሊ ሜትር ሰፊ ሌንስ ተጠግቶ ማንሳት ደግሞ ሌላው ጥፋት ነው። ዳር የቆመው ሰው ጭንቅላቱና ክንዱ ወደ ጎን ይለጠጣል። ቦታ ካለ ወደ ኋላ ተራመድና በ50 አንሳ።

ከሰዓት_በፊት
ለእኔ ትልቁ የዕቅድ ጥያቄ ሙሽሮቹ ከሥነ ሥርዓቱ በፊት ይተያዩ አይተያዩ የሚለው ነው። ቢተያዩ የሁለቱ ፎቶ፣ የሚዜዎቹ ፎቶ፣ የቤተሰቡም ግማሽ ቀድሞ ያልቃል። ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ 45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይተርፋል፤ ሙሽሮቹ ያን ጊዜ ከእንግዶቻቸው ጋር ያሳልፉታል። ሜክአፑም ያኔ ገና አልለቀቀም፣ ቬሎውም አልተጨማደደም። ቀኑ አጭር በሆነበት ወቅት ይህ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው።

ስም_ጠሪ
@ከሰዓት_በፊት እዚህ ላይ አልስማማም፣ በተለይ «ግዴታ» የሚለው ላይ። ሙሽራው ሙሽሪትን መጀመሪያ የሚያያት በሁሉም ሰው ፊት ስትገባ እንዲሆን የሚፈልጉ ብዙ ናቸው፤ ያ ፊት በልምምድ አይመጣም። ለጊዜው ሲባል ይህን ማስተው ዕቅዱን ከሰዎቹ ማስበለጥ ነው።

ሳይተያዩም ጊዜ ማትረፍ ይቻላል። ሙሽሪት ከራሷ ቤተሰብና ሚዜዎች ጋር፣ ሙሽራው ከራሱ ጋር፣ በየሉበት ቀድመው ይነሱ። ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ የሚቀረው ሁለቱ አብረው ያሉባቸው ቡድኖች ብቻ ነው፤ 10 የነበረው ወደ 5 ወይም 6 ይወርዳል። ሁለተኛ ፎቶ አንሺ ግን ያስፈልጋል።

ከሰዓት_በፊት
@ስም_ጠሪ እሺ፣ «ግዴታ» ያልኩትን አንስቻለሁ። የአንተኛው መንገድ ከሁለት ፎቶ አንሺ ጋር በደንብ ይሠራል። ቢተያዩም ግን ቦታው ይታሰብበት፦ ሌላ ሰው በሌለበት፣ ሙሽራው ጀርባውን ሰጥቶ፣ ሙሽሪት ብርሃኑ ፊቷ ላይ በሚያርፍበት አቅጣጫ ትምጣ። አንዱ ካሜራ እሱን፣ ሌላው እሷን ይያዝ። 10 ሚዜ ስልክ ደቅኖ ከከበባቸው ሁለቱም ለካሜራ ይሆናሉ።

ጸጥታ_ሻተር
ሥነ ሥርዓቱ ላይ ማንም አልጻፈም፣ ልሙላው።

«40 ደቂቃ ሲቀረው» የሚለው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከብርሃኑ በፊት የሚቀድመው ሥርዓቱን የሚመራውን ሰው ማነጋገር ነው። 3 ጥያቄ ይበቃል፦ ፍላሽ ይፈቀዳል? የት ድረስ መቅረብ ይቻላል? የማይነሳ ክፍል አለ? በደፈናው «ፎቶ ይቻላል?» ከተባለ መልሱ «ይቻላል» ይሆንና መሐል ላይ ተመለስ ይባላል።

ቀለበት ሲለዋወጡ የሚበላሸው በማዕዘን ምክንያት ነው። የመሪው ትከሻ ወይም የሙሽሪት አበባ እጃቸውን ይከልለዋል። አበባውን ሚዜዋ ቀድማ ትቀበላት፣ ይህ በዝርዝሩ ላይ ይጻፍ። መሪው ደግሞ መሳሳሙ ጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ጎን እንዲል አስቀድሞ ይለመን፤ አለዚያ ዋናው ፎቶ ላይ በሁለቱ ፊት መሐል የእሱ ፊት አለ። ሙሽሮቹም ስመው ቶሎ አይላቀቁ፤ 3 ሰከንድ ያህል ይቆዩ።

ድምፅ እንዳይረብሽ ብላችሁ በኤሌክትሮኒክ ሻተር (የሚንቀሳቀስ መጋረጃ በሌለው፣ ድምፅ አልባው) የምታነሱ ተጠንቀቁ። በብዙ ካሜራ ሴንሰሩ የሚነበበው ከላይ ወደ ታች በረድፍ ነው፤ በኤልኢዲ ወይም በፍሎረሰንት መብራት ሥር ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር መስመሮች ይወጣሉ። ምክንያቱ መብራቱ ዓይን በማያየው ፍጥነት ስለሚበራና ስለሚጠፋ ነው። 50 ኸርትዝ መብራት ባለበት በሰከንድ 100 ጊዜ፣ 60 ኸርትዝ ባለበት 120 ጊዜ። መድኃኒቱ የሻተሩን ፍጥነት ከዚያ ጋር ማስማማት ነው፦ በመጀመሪያው 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ፣ በሁለተኛው 1/60 ወይም 1/120 አካባቢ። አንዳንድ ኤልኢዲ ከዚህ በጣም በፈጠነ ሁኔታ ስለሚርገበገብ ወደ ሜካኒካል ሻተር መመለስ ያስፈልጋል። ሙሽሪት እየተራመደች ስትገባ ግን 1/100 አይበቃም፣ ትወዛወዛለች፤ ለአገባቡ 1/250 በሜካኒካል ሻተር፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 3200 ወይም 6400 ማድረስ። ትንሽ ሸካራነት ይቅርታ ይደረግለታል፤ የተወዛወዘ ፊት አይደረግለትም።

ነጭ ቬሎና ጥቁር ሱፍ ላይ ደግሞ ካሜራውን በጭፍን አትመኑ። የካሜራው ልኬት ያየውን ሁሉ ወደ ግራጫ ይጎትታል። ቬሎው ፍሬሙን ከሞላው ያጨልመዋል፣ ወደ ላይ 2/3 ስቶፕ ይጨመር (1 ስቶፕ ማለት የብርሃኑ እጥፍ ነው)። ሱፉ ከሞላው የቬሎውን ጥልፍ ያቃጥለዋል፣ ይቀነስ። የተቃጠለ ነጭ በሮው (ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው) ፋይልም ተመልሶ አይመጣም፤ ትንሽ የጨለመ ግን ይመለሳል።

የእንግዶች ስልክ ችግር በአንድ ማስታወቂያ ይቀንሳል፦ «እባካችሁ ሙሽሮቹ እስኪወጡ መተላለፊያው ላይ አትቁሙ።» ሥነ ሥርዓቱ ሊጀመር ሲል በቃል ይነገር። ካርድ ላይ የተጻፈውን ብዙ ሰው አያነበውም።

ጥላ_ፈላጊ
@የቀን_ዕቅድ ረቂቁ ላይ የሙሽሮቹን 30 ደቂቃ ለሁለት ክፈሉት፦ 15 ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ፣ 15 ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል። ሁለተኛው 15 ከመጀመሪያው ይበልጥ ዋጋ አለው።

«ወርቃማው ሰዓት» የሚለው ስም ግን ያሳስታል። ብርሃኑ የሚለሰልሰው ፀሐይ ከአድማሱ በላይ ያላት ከፍታ በግምት ከ6 ዲግሪ ሲያንስ ነው። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች። በምድር ወገብ አካባቢ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ያንን 6 ዲግሪ በ24 ደቂቃ ትጨርሰዋለች። በ60 ዲግሪ ኬክሮስ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን፣ ሰያፍ ስለምትወርድ 48 ደቂቃ ያህል ይወስድባታል። ከሌላ አገር የተገለበጠ ዕቅድ «1 ሰዓት አለን» ሲል ወገብ አጠገብ ያለ ሰው ግማሽ ሰዓትም የለውም። ተራራ ወይም ፎቅ በምዕራብ በኩል ካለ ደግሞ ፀሐይዋ ከካላንደሩ ቀድማ ትጠፋለች። ከአንድ ሳምንት በፊት በዚያው ሰዓት ቦታው ይታይ።

ለቀትር ፀሐይ፦ ዓይን ሥር ጉድጓድ የመሰለ ጥላ ይሠራል። የሕንፃ ጥላ ፈልጉ፣ ከጥላው ጠርዝ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ አቁሟቸው፣ ፊታቸው ወደ ብርሃኑ ይዙር። የዛፍ ጥላ በቅጠሉ መሐል የሚያሾልክ ከሆነ አይሆንም፤ ፊት ላይ ነጫጭ ነጥብ ይበተናል። ለምለም ሣር ላይ ደግሞ አረንጓዴው ወደ አገጭና ወደ ነጩ ቬሎ ይንጸባረቃል። ንጣፍ ድንጋይ ወይም ኮንክሪት ከሣር ይሻላል።

ዝናብ ቢመጣ ግልጽ ዣንጥላ 2 ይዘጋጅ። ባለቀለም ዣንጥላ ቀለሙን ፊት ላይ ይጥላል። ከምሽት በኋላ አንድ ፍላሽ ከሙሽሮቹ ኋላ ወደ ካሜራው አቅጣጫ ቢቀመጥ ጠብታዎቹ ያበራሉ፤ ከፊት ከተተኮሰ ግን ዝናቡ አይታይም፣ ወይም ሌንሱ አጠገብ ያለው ጠብታ ብቻ ትልቅ ነጭ ክብ ሆኖ ይወጣል።

አዲስ_ሌንስ
የማታው ላይስ? አዳራሽ ውስጥ ፍላሹን ወደ ጣሪያ መተኮስ ይበቃል?

መስኮት_ዳር
@አዲስ_ሌንስ ጣሪያው ነጭና ከ3 ወይም 4 ሜትር ያልበለጠ ከሆነ ይበቃል። ከፍ ካለ ብርሃኑ ሳይመለስ ይቀራል፣ የእንጨት ወይም ቀለም የተቀባ ከሆነ ቀለሙን ይዞ ይመለሳል። ያኔ ሁለት ፍላሽ በመቆሚያ ላይ የጭፈራው ቦታ ሁለት ማዕዘን ላይ ይቁም፣ በሬዲዮ ይተኮስ። መቆሚያው እግር ላይ የአሸዋ ከረጢት ይደረግ፤ ሕፃናት ይሮጣሉ።

ንግግር ላይ ብዙው ፎቶ ከተናጋሪው ይልቅ የሚሰማው ሰው ላይ ይሁን። ተናጋሪው ማይክ አፉ ላይ ስለሚይዝ ሁለት ሦስት ፎቶ ይበቃዋል፤ የእናት ፊት ግን በየደቂቃው ይለዋወጣል። የተናጋሪዎቹ ስምና ተራ ዝርዝሩ ላይ ይኑር።

ሰው ሲበላ አይነሳ። አፍ ሞልቶ የተነሳን ፎቶ ማንም አይመርጠውም፤ ያን ጊዜ ፎቶ አንሺዎቹም ይብሉ።

የአዳራሹ 10 ደቂቃ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ ሻማውና መብራቱ ሁሉ በርቶ ይሁን። አስተናጋጆች ሻማ የሚለኩሱት በሩ ሊከፈት ሲል ነው፤ 15 ደቂቃ ቀድመው እንዲለኩሱ ይነገራቸው።

ካርድ_ጠባቂ
በአንድ ቀን 2000 እስከ 3000 ፎቶ ይነሳል። ባለ 24 ሜጋ ፒክሰል ካሜራ ሮው ፋይል እንደ አጨማመቁ ከ25 እስከ 30 ሜጋባይት ይሆናል፤ 3000ው ከ75 እስከ 90 ጊጋባይት ማለት ነው። ባለ 64 ካርድ 2 ለዋና፣ 2 ለግልባጭ። ካሜራው ሁለት የካርድ ቦታ ካለው በሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ እንዲጽፍ ይስተካከል፣ አንዱ ሲሞላ ወደ ሌላው እንዲሻገር አይደለም። አንድ ካርድ ቢበላሽ ሠርጉ አይደገምም።

ሁለት ፎቶ አንሺ ካለ ጠዋት የካሜራዎቹ ሰዓት ይመሳሰል። 3 ደቂቃ ከተዛነፉ በኋላ በሰዓት ሲደረደሩ ሙሽሪት ገና ሳትገባ ቀለበት ታጠልቃለች። ቀላሉ ዘዴ፦ ሁለቱም ካሜራ የአንድን ስልክ ሰዓት ከነሰከንዱ በአንድ ጊዜ ያንሳ፤ ልዩነቱ ኮምፒውተር ላይ ይታረማል።

ባትሪ ለአንድ ካሜራ 4 ይያዝ። ካሜራ ላይ ፎቶ እየመረጡ መደምሰስ አይገባም፤ በጥድፊያ ጥሩው ይጠፋል።

የቀን_ዕቅድ
ብዙ ነገር ተሰብስቧል፣ አክባሪያችሁ ነኝ። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ሁሉ ነገር 40 ደቂቃ ቢዘገይ መጀመሪያ የሚቆረጠው ምንድን ነው? ይህ በዕለቱ በጭንቀት የሚወሰን መሆን የለበትም፣ ቀድሞ ይጻፍ።

ስም_ጠሪ
@የቀን_ዕቅድ ትክክል፣ ከሙሽሮቹ ጋር ቀድሞ ይወሰን። የእኔ ተራ ይህ ነው። መጀመሪያ የጥሪ ካርድና የጫማ ፎቶ ይቆረጥ፤ ቆይተውም ሊነሱ ይችላሉ። ቀጥሎ የሚዜዎቹ ልዩ ልዩ አቋቋም ወደ አንድ ይጠቃለል። ቀጥሎ ከሩቅ ዘመዶች ጋር ያሉት ቡድኖች ማታ በየጠረጴዛቸው ይነሱ። የወላጆችና የአያቶች ፎቶ አይነካም፣ የምሽቱ 15 ደቂቃም አይነካም።

ጥላ_ፈላጊ
እስማማለሁ፣ አንድ ጭማሪ ብቻ። በተሽከርካሪ ወንበር ያሉ ወይም መቆም የማይችሉ ሰው ካሉ ፎቶው እሳቸው ወዳሉበት ይሂድ። ሙሽሮቹም ወንበር ስበው አጠገባቸው ይቀመጡ፣ ካሜራውም በዓይናቸው ከፍታ ይውረድ። ቆሞ ከላይ ወደ ታች የተነሳ የአያት ፎቶ እሳቸውን ትንሽ ያደርጋቸዋል። ይህ 2 ደቂቃ ነው፤ ዝርዝሩ ላይ ከላይ ይጻፍ።

ካርድ_ጠባቂ
ካርዶቹም ማታውኑ ይገልበጡ፦ ሁለት የተለያየ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሦስተኛው ቅጂ ሌላ ቤት ወይም ኢንተርኔት ላይ። የፋይሎቹ ብዛት ከካርዱ ጋር ተነጻጽሮ ጥቂቶቹ ተከፍተው እስኪታዩ ድረስ አንድም ካርድ ፎርማት አይደረግ።